መብራቱ ጠፋ፣ ቺንጊያው ግን አልተቀየረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላምታዬ ይቅደም። አዳማ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ። መካኒክ አይደለሁም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ ከታች ያለውን ያነበበ «ይሄ ሰውዬ ጋራዥ ሊከፍት ነው እንዴ?» እንዳይለኝ ነው።

ዕቃ የማመላልስባት የ1996 ሞዴል ሃይሉክስ አለችኝ። ነጠላ ጋቢና፣ ኮድ 3፣ ሞተሯ 3ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር ናፍታ። በዕድሜ ከትልቁ ልጄ ትበልጣለች። ሲሚንቶ ስትሸከም ኖራ ጀርባዋ ረግቧል። የቀኝ በሯ በጉልበት ካልተመታ አይዘጋም። ሞተሯ ግን አሳፍሮኝ አያውቅም።

በ2015 ግንቦት ላይ ከአዲስ አበባ ጭኜ ስመለስ፣ ሞጆን እንዳለፍኩ ክሩስኮቱ ላይ አይቼው የማላውቅ መብራት በራ። «ቲ-ቤልት» ይላል። ሙቀቱን አየሁ፣ ደህና ነው። ዘይቱም ደህና ነው። ሞተሩም እንደ ወትሮው ነው። መብራቱ ግን አይጠፋም።

በማግስቱ እዚሁ ከተማ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። የት እንደሆነና የማን እንደሆነ አልጽፍም። ባለቤቱ መብራቱን አይቶ «ታይሚንግ ቺንጊያዋ ደርሷል፤ ዕቃውን ራስዎ ይግዙ» አለኝ። ራስዎ ይግዙ ማለቱን ወደድኩለት። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርጄ ቺንጊያውን፣ የመወጠሪያውን ኩሽኔታና ዘይት እንዳይወጣ የሚያግዱትን የፊት ፓራዮሊዎች ገዝቼ አስረከብኩ። ለእጅ 4 ሺህ ብር ከፈልኩ። ማታ ሲደውሉልኝ መኪናዋ ታጥባ ቆማለች። መብራቱም ጠፍቷል። ለልጆቹ የሻይ ሰጥቼ እያፏጨሁ ወጣሁ።

ቺንጊያውን ስሰጣቸው ከካርቶኑ አውጥቼ ስለነበር ካርቶኑ ጋቢና ውስጥ ቀረ። ከዚያ ሱቅ ገባና የ8 ቁጥር ሚስማር መያዣ ሆነ። ይህን ካርቶን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። ሞተር ውስጥ ከታች ክራንክ ሻፍት አለ፤ ፒስተኖቹ የተያያዙት ከእሱ ጋር ነው። ከላይ ደግሞ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት አለ። የታችኛው ሁለት ጊዜ ሲዞር የላይኛው ልክ አንድ ጊዜ ይዞራል። መቅደም የለ፣ መዘግየት የለ። በእኔዋ ሞተር ላይ የናፍታ ፖምፓውም እዚያው ተቆራኝቷል። ሦስቱን አስማምቶ የሚያዞራቸው ጥርስ ያለው አንድ የጎማ ቺንጊያ ነው። ስፋቱ ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ከመኪናው ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ዕቃዎች አንዱ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

እሱ ከተበጠሰ የላይኛው ባለበት ቀጥ ይላል። የታችኛው ግን መኪናው እየሄደ ስለሆነ መዞሩን አይተውም። ናፍታ ሞተር ደግሞ አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ አምቆ ነው የሚያቃጥለው። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ቫልቮቹ ካሉበት ከላይኛው የሞተሩ ክፍል፣ ከቴስታታው ጋር ያለው ክፍተት ከምንም አይቆጠርም። እዚያ ተከፍቶ የቀረ ቫልቭ ካገኘ ይመታዋል። ቫልቭ ይጣመማል፣ ቴስታታ ይወርዳል፣ የባንክ ደብተር ይወጣል። አንዳንድ የቤንዚን ሞተሮች ቺንጊያቸው ሲበጠስ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ተጎትተው መጥተው አዲስ ሲታሰርላቸው ይነሳሉ። ናፍታ ላይ ይህ ምሕረት የለም። ቪትዝ የምትነዱ በዚህ በኩል እፎይ በሉ፤ የእናንተ በካቴና ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በ2017 የካቲት ላይ ባለቤቴ የግቢያችን ሊሾ ላይ የዘይት ጠብታ አየች። «ይሄን ማን ሊያጥበው ነው?» አለችኝ። ማታ መኪናዋ ሥር ጋዜጣ አነጠፍኩ። (ይቅርታ፣ የእናንተን ነው።) ጠዋት ሳየው ጠብታው ያረፈው ከሞተሩ ፊት ለፊት በኩል ነው።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ድሬዳዋ ነው የሚኖረው። ዕድሜ ልኩን የናፍታ መካኒክ ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ደወልኩለት።

«ዘይቱ ከፊት ነው?»

«ከፊት ነው ጋሼ።»

«ፓራዮሊ ነዋ። ቺንጊያህን እያጠበልህ ነው። ክፈተው።»

«ቺንጊያው እኮ አዲስ ነው፤ ገና ሁለት ዓመቱ።»

«ዘይት አዲስና አሮጌ አይመርጥም። ክፈተው አልኩህ። ልጅህ አለ፣ እኔም በስልክ አለሁ።»

ቅዳሜ የካቲት 22 ከሰዓት በኋላ ጀመርን። ባትሪውን ፈታን። የራዲያተሩን ውሃ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተቀበልን። ራዲያተሩን፣ ፋኑን፣ የዲናሞውን ቺንጊያ አወጣን። ልጄ አንድ ነገር በፈታ ቁጥር ፎቶ ያነሳል፤ ብሎኖቹን ደግሞ በየቡና ስኒው ይለያያል። አካውንቲንግ ነው የሚማረው፤ የተማረው ለዚህ ጠቀመኝ።

የክራንኩ ብሎን ነው ያስቸገረን። 5ኛ ማርሽ አስገብተን ልጄ ፍሬኑን ረገጠ። እኔ የቡሶላው እጀታ ላይ ከሱቅ ያመጣሁትን የአንድ ኢንች የውሃ ቧንቧ ሰክቼ ተንጠለጠልኩ። መጀመሪያ ቧንቧው ጎበጠ። ሁለተኛ ቧንቧ አመጣሁ። ከዚያ ብሎኑ «ጧ!» ብሎ እንደ ጥይት ጮኸ። ጎረቤት በአጥር በላይ ብቅ አለ። ቧንቧዎቹ አሁን ለሽያጭ አይሆኑም፤ አንዱን ለባለቤቴ የልብስ ማስጫ አደረግሁት።

የቺንጊያውን ክዳን የያዙት ብሎኖች አናታቸው በደረቀ ዘይትና አቧራ ተለስኗል። በካቻቢቴ ጫፍ እየጫርን ነው ቁልፍ ያስገባነው። ያኔ ነው ሆዴ የፈራው። ከሁለት ዓመት በፊት የተፈታ ብሎን ይህን ያህል አፈር አይለብስም።

ክዳኑ ተነሳ። ቺንጊያው ከታች በኩል በዘይት ርሶ አብጧል። ከላይ ጀርባው እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ያብለጨልጫል። ልጄ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ኋላ አጠፍ ሲያደርገው የጥርሶቹ ሥር ሁሉ ተሰነጣጥቆ ታየ። አንዱ ጥርስ ግማሹ የለም። በተበላው በኩል ነጭ ክር ወጥቷል፤ የተቀደደ የማዳበሪያ ጆንያ ነው የሚመስለው። ልጄ ጀርባውን በጨርቅ ጠርጎ የስልኩን መብራት አበራበት። የደበዘዘ ጽሑፍ አለ።

«አባዬ፣ የገዛኸው ምን የሚባል ነበር?»

ሱቄ ከቤቴ ጋር የተያያዘ ነው። ሮጥኩ። ሚስማሩን ወለሉ ላይ ገልብጬ ካርቶኑን ይዤ መጣሁ። ስሙ ሌላ ነው። ሌላ ፋብሪካ። እኔ የገዛሁት ቺንጊያ ይህ ሞተር ውስጥ አንድ ቀንም አልገባም ማለት ነው።

እንዴት እንደሠሩት የነገረኝ ጋሼ ነው። በስልክ ሲስቅ ይሰማኛል፤ ሳቁ ግን የንዴት ነው። ያ መብራት ቺንጊያውን አያውቀውም። አያየውም፣ አይነካውም። ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ እንደ እኔዋ ባሉ አሮጌ ናፍታ ቶዮታዎች 100 ሺህ ሲሞላ ይበራል። ክሩስኮቱ ላይ ትንሽ የጎማ ውታፍ አለች። እሷን ነቅሎ በቀጭን ነገር ውስጧን ጫን ማድረግ ነው፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ለዚያች አምስት ደቂቃ 4 ሺህ ብር፣ አንድ አዲስ ቺንጊያ፣ አንድ ኩሽኔታ፣ ፓራዮሊዎቹንና የልጆቹን ሻይ ከፍያለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከ30 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሚንቶ ጭኜ ተመላልሻለሁ።

በማግስቱ እሑድ ነው፣ ዓድዋም ነው፤ ዕቃ አይገኝም። ሃይሉክሷ ኮፋኖዋን ከፍታ፣ ራዲያተር አልባ ሆና ግቢ ውስጥ ዋለች። የጎረቤት ዶሮ ገብታ ባትሪው በነበረበት ቦታ ላይ ተመቻችታ ተኛች። ጾም ባይገባ ኖሮ አልለቃትም ነበር።

ሰኞ በጠዋቱ ተሳፍሬ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። በምሳ ሰዓት ተመልሻለሁ። በዚህ ጊዜ ዕቃውን ለማንም አላስረከብኩም።

አሮጌውን ሳናወጣ ሦስቱን ምልክቶች አገጣጠምን፤ የክራንኩን፣ የካምሻፍቱን፣ የፖምፓውን። ቺንጊያው የሚዞርባቸው ፑሌጃዎች ላይ የተቀረጹት ምልክቶች በዘይት ተሸፍነው ስለማይታዩ፣ ጠርገን በትንሿ ልጄ ፍሉድ ነጭ ቀባናቸው። ከዚያ መወጠሪያውን ለቀቅ አድርገን ቺንጊያውን ስንስበው የፖምፓው ፑሌጃ «ጠቅ» ብሎ በራሱ ዘለለ። እጄን እሳት እንደነካው ሰው ነው የሰበሰብኩት። ሞተሩን ያበላሸሁ መሰለኝ።

«ስፕሪንግ ነው» አለ ጋሼ። «ውስጡ የተወጠረ ነገር ስላለ ነው። አትደንግጥ፤ በቁልፍ ይዘህ ቀስ ብለህ ወደ ምልክቱ መልሰው። ብቻ አንድ ነገር ስማ፤ ስታዞር ብረት ብረትን ነክቶ ከቆመ አትግፋ።»

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ናፍታ ሞተርን በእጅ ስታዞሩት መጀመሪያም ከባድ ነው። ግን የታመቀ አየር ክብደትና ብረት የነካ ክብደት ይለያያሉ። አየሩ እንደ ጎማ መልሶ ይገፋችኋል፤ ትንሽ ስትጠብቁት ይለዝባል። ብረት ግን ቀጥ ነው የሚለው። ይህን በቃል ማስረዳት ይከብዳል፤ እጅ ግን ወዲያው ያውቀዋል። ፓራዮሊዎቹን ቀየርን፣ አዲሱን ኩሽኔታ አሰርን፣ አዲሱን ቺንጊያ አለበስነው። ክራንኩን በእጅ ሁለት ዙር ሙሉ አዞርነው። ሁለት ዙር የሚሆነው ካምሻፍቱ አንድ ዙር ጨርሶ ወደ ምልክቱ እንዲመለስ ነው።

ክራንኩ ገጠመ። ካምሻፍቱ ገጠመ። ፖምፓው አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ቀርቷል።

መሽቷል። ባለቤቴ ሽሮውን ሁለት ጊዜ አሙቃለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ «አንዲት ጥርስ ናት፣ ምን ታመጣለች» ብዬ ክዳኑን ልገጥም ነበር። ልጄ ግን ስልኩን አዙሮ ለአጎቱ አሳየው።

«ቢነሳ እንኳን ያጨሳል፣ ጠዋት ጠዋት እምቢ ይልሃል» አለ ጋሼ። «ፍታው።»

ፈታነው። እንደገና አገጣጠምን፣ እንደገና ሁለት ዙር። ሦስቱም ነጭ ነጥቦች ቦታቸው ላይ ቆሙ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ራዲያተሩን ሞልተን ካንዴላውን አሙቀን ቁልፉን ሳዞር በሁለተኛው ተነሳች። ልጄ ኮፋኖው ሥር ጆሮውን ደቅኖ ሲያዳምጥ ቆየ። ምንም የለም። የለመድነው የናፍታ ጉርምርምታ ብቻ።

አንድ የሠለጠነ መካኒክ በግማሽ ቀን የሚጨርሰውን እኛ ሦስት ቀን ፈጅተንበታል፤ አንዱን ቀን ዶሮዋ ብትወስደውም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ግቢው ውስጥ ሞተር ይክፈት አልልም። ጋሼ በስልክ ባይኖር እኔም አልነካውም ነበር። ጃክ ሥር መግባት፣ ያለ መፍቻ ልክ መታገል፣ ግምት... ይቅር። ጥሩ መካኒክ ላገኘ ገንዘቡን ከፍሎ ማሠራት ይሻላል።

ማክሰኞ ጠዋት አሮጌውን ቺንጊያ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ካርቶኑን በሌላ እጄ ይዤ ጋራዡ ሄድኩ። ባለቤቱ ገልጦ አየው። አገላብጦ አየው። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ እስከ ትናንት ሠርቷል!»

ሥራውን የሠራው ልጅ ሌላ ከተማ ሄዷል፣ ደረሰኝ አልተቆረጠም፣ ሁለት ዓመት አልፏል። በመጨረሻ «ዘይት በነፃ ልቀይርልዎት» አለኝ። ዘይቷን ቀይሬያለሁ አልኩት። የት እንደቀየርኩ አልጠየቀኝም። ሰላም ብዬው ወጣሁ። ምን ላደርገው? ክርክሩ ሱቄን ዘግቼ የምመላለስበት ያህል አልሆነልኝም።

ይህን የጻፍኩት ግን ልወቅሰው ብዬ ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ቦሎ ለማግኘት መኪናችንን ክላውዶ እናስመረምራለን። ፍሬን ይታያል፣ መብራት ይታያል፣ ጭስ ይለካል። ቺንጊያው ክዳን ውስጥ ስለተደበቀ ማንም አያየውም። ያገለገለ መኪና ስንገዛ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ሊብሬው ስንጨቃጨቅ እንውላለን፤ «ቺንጊያዋ መቼ ተቀየረ?» ብሎ የሚጠይቅ ደላላ ግን እኔ አላጋጠመኝም። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉት አሮጌዎች ከእጅ ወደ እጅ መዞራቸው አይቀርም። ኤሌክትሪክ መኪና ይህ ጣጣ የለባትም። እኛ ግን ከነጣጣችን ገና ብዙ ዓመት እንነዳለን።

ቢያንስ ሁለት ነገር ይለመድ። አንደኛ፣ ቺንጊያ ያስቀየረ ሰው አሮጌውን በእጁ ይቀበል። ሥጋ ቤት ሄደን ሥጋው ዓይናችን እያየ ነው የሚመዘንልን፤ እዚህ ምን አሳፈረን? ሁለተኛ፣ የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር ክዳኑ ላይ በቀለም ይጻፍ፤ መኪና ሲሸጥም ውሉ ላይ አንድ መስመር ይግባ። እኔ ክዳኑ ላይ በነጭ ቀለም እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «የካቲት 24/2017 - 319,400»። ከሥሩ ልጄ ሳይነግረኝ «አባዬና እኔ» ብሎ ጨምሮበታል። የሚቀጥለው ባለቤት ምን እንደሚለው እንጃ።

ያ በአጥር በላይ ብቅ ያለው ጎረቤቴ ዶልፊን ሚኒባስ አለው። ናፍታ ናት፣ ያው መብራት አላት። እሱ ሲበራበት ወደ ጋራዥም አልሄደም፤ ጥቁር ፕላስተር ለጠፈበት። መቼ እንደለጠፈው ስጠይቀው «ሁለተኛዋ ልጄ ሳትወለድ» አለኝ። ልጅቷ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ትናንት ማታ በራችንን አንኳኩቶ «ጋሼ፣ እሑድ አብረን እንከፍታት?» አለኝ።

መጀመሪያ ሂድና ፕላስተሩን ላጠው አልኩት።

አክባሪያችሁ
የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ ከአዳማ